ዱባን ተከትላ የተጓዘች ንብ
ስለ ዱር ንቦች ዘረመል ለሕዝብ የቀረበ የትምህርት ንግግር



ንብ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ቀፎ፣ ማርና ጠጅ ነው። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ አገር ናትና አይፈረድብንም። እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ ማር ስለማትሰጥ፣ ቀፎ ስለማታውቅ፣ ንግሥትም ሠራተኛም ስለሌላት ንብ ነው። እንዲህ ያለችው ንብ ብርቅ ፍጡር እንዳትመስላችሁ። ሳይንስ ስም ካወጣላቸው ከ20,000 በላይ የንብ ዝርያዎች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። እያንዳንዷ ሴት ለብቻዋ ጉድጓድ ቆፍራ ወይም የደረቀ ግንድ ሰርስራ፣ ለልጆቿ ስንቅ አኑራ፣ እንቁላሏን ጥላ፣ ልጆቿን ሳታያቸው ትሞታለች። ከብዙኃኑ የተለየችውስ የእኛዋ የማር ንብ ናት።

ስለ ዱር ንቦች ስንጠየቅ ብዙ ጊዜ የምንመልሰው በዓይናችን ቆጥረን ነው፤ አበባው ላይ ብዙ አሉ እንላለን፣ ወይም ዘንድሮ ቀንሰዋል እንላለን። ይህ ቆጠራ አይበቃም። አበባ ላይ የሚታየው ብዛት አንድ ነገር ነው፤ ዝርያዋ ነገ መኖር አለመኖሯ ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛውን ለማወቅ ዘረመሏን ማንበብ ያስፈልጋል። ይህን የማስረዳችሁ በዋናነት በአንዲት ንብ ታሪክ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ንቧ የሰሜን አሜሪካዋ የዱባ ንብ ናት። ሳይንሳዊ ስሟ ዩሴራ ፕሩይኖሳ ነው፤ ቆየት ባሉ መጻሕፍት ግን ፔፖናፒስ ፕሩይኖሳ ተብላ ታገኟታላችሁ። እኛ አገር የለችም። የመረጥኳት ከሰው እርሻ ጋር ያሳለፈችው ዘመን የእሷን ያህል ጠርቶ የተነበበላት የዱር ንብ ስለማላውቅ ነው።

ዱባ በጓሮው የተከለ ሰው የአበባውን ጠባይ ያውቃል። ወንዴው አበባ ለብቻው፣ ሴቴው ለብቻው ነው፤ ሴቴው ከሥሩ ትንሽ ዱባ መሳይ ነገር አዝሎ ይወጣል። ብናኙ ትልቅ፣ እሾሃምና የሚጣበቅ ስለሆነ ነፋስ አያነሳውም። ነፍሳት ካላመጡለት ያቺ ትንሽ ፍሬ ቢጫ ሆና ትረግፋለች። ይህን የማመላለስ ሥራ የዱባ ንብ ከማንም በላይ ታውቅበታለች። ሴቷ ለልጆቿ የምትሰንቀው ብናኝ የዱባ ወገን ከሆኑ ተክሎች ብቻ ነው። የሌላ አበባ ወለላ ልትቀምስ ትችላለች እንጂ ብናኙን ለልጆቿ አትወስድም። የዱባ አበባ ሊነጋጋ ሲል ተከፍቶ እኩለ ቀን ሳይደርስ ይዘጋል፤ እሷም ፀሐይ ሳትወጣ ሥራ ትጀምራለች። የማር ንብ ከቀፎዋ ስትወጣ ብዙው ሥራ አልቆ ይጠብቃታል። ወንዶቹ ደግሞ ጠዋቱን ሴት ፍለጋ ከአበባ አበባ ሲዞሩ ይቆዩና አበባው ሲጠወልግ እዚያው ውስጥ ገብተው ያድራሉ። በዚያ አገር ከሰዓት በኋላ የተዘጋ የዱባ አበባ በጣቱ ጫን ያለ ሰው ከውስጡ ጉርምርምታ ይሰማል። የሚያስፈራ አይደለም፤ ወንድ ንብ መንደፊያ የለውም።

ጎጆዋን የምትቆፍረው መሬት ውስጥ ነው፣ ብዙ ጊዜም እዚያው ዱባው ሥር። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ እንቆቅልሹ እንግባ። የዱር ዱባዎች የሜክሲኮና የደቡብ ምዕራብ አሜሪካ ደረቅ ምድር ተክሎች ናቸው። ፍሬያቸው ትንሽ፣ ልጣጩ ጠንካራ፣ ውስጡ እጅግ መራራ ነው፤ የእኛን የምድር እምቧይ የቀመሰ ሰው መራራነቱን መገመት አያቅተውም። ሰው ይህን መራራ ነገር ማላመድ የጀመረው በጣም ቀድሞ ነው። ብሩስ ስሚዝ በ1997 ባወጡት ጥናት በሜክሲኮ ኦአሃካ፣ ጊላ ናኪትዝ ከሚባል ዋሻ የተገኙ የዱባ ዘሮች ወደ 10,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ እንዳላቸው አሳይተዋል። በአሜሪካ አህጉር በቆሎ እንኳ ከዱባ በኋላ የመጣ ነው። ከዚያ ወዲህ ዱባ ከሰው ጋር ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ ተጉዞ የሰሜን አሜሪካ ነባር የሆኑት የሆዴኖሾኒ ሕዝቦች ከበቆሎና ከባቄላ ጋር አብረው እየዘሩ ሦስቱ እህትማማቾች ከሚሏቸው ሰብሎች አንዱ ሆነ።

በኒውዮርክ ወይም በኦንታሪዮ እርሻ ላይ ቆማችሁ ስታዩ ጥያቄው ይመጣል። እዚያ የዱር ዱባ የለም። የዱባ ንብ ግን አለች። ከሰው የዱባ ማሳ በቀር ልጆቿን የምትመግብበት የላትም። ታዲያ መቼና በየት መጣች? ስለ ዱባው ራሱ አርኪዮሎጂ ብዙ ይነግረናል፤ ዘሩ በዋሻና በምድጃ አመድ ውስጥ ይቆያልና። ንብ ግን በዋሻ ውስጥ አጥንት ትታ አትሄድም። ታሪኳ የተጻፈው በሕይወት ባሉት ልጆቿ ዘረመል ውስጥ ብቻ ነው።

ለማንበብ ከአንዲት ንብ አንድ እግር ይበቃል። ለጥናቱ መግደል ካላስፈለገ የእግሯ ጫፍ ብቻ ተቆርጦ ትለቀቃለች፣ መብረሯንም ትቀጥላለች። ከዚያ ቁራጭ የሚወጣው ዲ.ኤን.ኤ ጥቂት ስለሆነ ፒ.ሲ.አር. በሚባለው ዘዴ ይባዛል። በኮሮና ጊዜ አፍንጫችን እየተጠረገ ስንመረመር ስሙን የለመድነው ያው ፒ.ሲ.አር. ነው፤ ኬሪ ሙሊስ በ1983 ያመጡት ሐሳብ ነው። በዘረመሉ ውስጥ ጥቂት ፊደላት ደጋግመው የሚጻፉባቸው ቦታዎች አሉ። አንዷ ንብ በዚያ ቦታ ፊደላቱን አሥራ ሁለት ጊዜ፣ ሌላዋ አሥራ አምስት ጊዜ ደግማ ትይዛለች። ድግግሞሹ ከወላጅ ወደ ልጅ ስለሚወረስ ብዙ እንዲህ ያሉ ቦታዎች በአንድ ላይ ሲታዩ ዘመዱን ከባዳው፣ የአንዱን አገር ንብ ከሌላው ይለያሉ።

ይህ ስለ ስደት ምን ይነግረናል? ብዙ ቀለም ካለው የቦሎቄ ጆንያ አንድ እፍኝ ብትዘግኑ ሁሉም ቀለም አይደርሳችሁም። ያንን እፍኝ ዘርታችሁ፣ ከምርቱ ደግሞ አንድ እፍኝ ዘግናችሁ ወደ ሌላ ቀበሌ ብትወስዱ፣ በየደረጃው አንዳንድ ቀለም ይጎድላል እንጂ አዲስ አይጨመርም። አዲስ አገር የሚያቀኑ ጥቂት ንቦችም እንዲሁ ናቸው፤ ከመነሻቸው በራቁ ቁጥር የዘረመል ልዩነታቸው እየሳሳ ይሄዳል። ስለዚህ ከተለያየ አገር የተሰበሰቡ ንቦችን አሰልፎ ልዩነቱ የት ወፍራም፣ የት ስስ እንደሆነ ያየ ሰው መነሻውንና መንገዱን መከተል ይችላል።

ማርጋሪታ ሎፔዝ-ኡሪቤና ባልደረቦቻቸው በ2016 ያሳተሙት ሥራ ይህን ነበር ያደረገው። ከሮኪ ተራሮች በስተምሥራቅ ያሉት የዱባ ንቦች በሙሉ የዱር ዱባ ከሚበቅልበት ከሜክሲኮ ምድር የተነሱ ሆነው ተገኙ፤ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ጥቂቶች እየቀደሙ አገር እያቀኑ፣ ከዚያም ጥቂቶች እየተነሱ። ዛሬ በሰሜን ምሥራቅ ያሉት የመጡት በባሕረ ሰላጤውና በአትላንቲክ ጠረፍ በኩል ሳይሆን በአህጉሩ መሐል፣ ዛሬ የአሜሪካ መካከለኛ ምዕራብ በሚባለው ሜዳማ አገር ዞረው ሳይሆን አይቀርም። ከሮኪ ተራሮች በስተምዕራብ ያሉት ደግሞ ከሞቃቱ በረሃ ወደ ሰሜን የወጡት እጅግ ዘግይተው ነው፤ በካሊፎርኒያ አንድ፣ በታላቁ ተፋሰስ ምሥራቅ ሌላ ሆነው እርስ በርሳቸው ሳይቀላቀሉ ይኖራሉ።

እኔን የሚደንቀኝ ከውጤቱ ሁሉ መንገዱ ነው። ያ መንገድ የሰው መንገድ ነው። ጽሕፈት ያልነበራቸው ገበሬዎች ዘር ከመንደር መንደር ሲለዋወጡ የሄዱበትን አቅጣጫ አንዲት ንብ መዝግባ ይዛው ተገኘች። ማንም ቀፎ ተሸክሞ አላመጣትም፤ እያመጣት መሆኑንም ያወቀ አልነበረም።

በ2023 ከዚሁ ቡድን ናትናኤል ፖፕና ባልደረቦቻቸው ጥቂት ቦታዎችን ከማየት አልፈው ሙሉውን ዘረመል አነበቡ። ሁለት ነገር ተገኘ። አንደኛው፣ ባለፉት 1,000 ዓመታት እርሻ በተጠናከረባቸው አካባቢዎች የንቧ ቁጥር ፈጥኖ አድጓል። ሁለተኛው ይበልጥ ያነጋግራል። ከዘረመሏ ወደ 20 በመቶ የሚሆነው በቅርብ ዘመን የተካሄደ የተፈጥሮ ምርጫ ምልክት አለበት። አንድ ጠቃሚ ለውጥ በጥቂት ትውልድ ውስጥ በሕዝቡ ሁሉ ሲዳረስ በአጠገቡ ያለውን የክሮሞሶም ክፍል ጠርጎ ይዞት ይሄዳል፤ በዚያ አካባቢ የንቦቹ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ዓይነት ይሆናል። ምልክቱ ይህ ነው። የሚበዛውም በምሥራቅ፣ ከማሳ በቀር ሌላ መኖሪያ በሌላቸው ንቦች ላይ ነው። ተባይ ከእርሻ ጋር እንደሚላመድ ድሮም እናውቃለን፤ የጤፍንም የጥጥንም ተባይ የሚዋጋ ሰው በየዓመቱ ያየዋል። ለገበሬው የሚሠራው የዱር ፍጥረትም በገበሬው እጅ እየተለወጠ እንደሚኖር በዚህ ደረጃ መታየቱ ግን አዲስ ነው። እዚህ ላይ ቸኩዬ ንቧ በርትታለች አልልም። የተላመደችው ለእርሻ ነው፤ እርሻው ጠባዩን ሲቀይር መሸሻ የላትም።

እስካሁን ስለ ዘረመል መሳሳት ስናገር ጉዳቱን አልነገርኳችሁም። በንብ ላይ ይህ ጉዳት በላምና በበግ ከምናውቀው ይለያል፣ ይከፋልም፤ ስለዚህ ጊዜ ወስጄ ላስረዳ።

በ1845 ዮሐን ጂየርዞን የተባለ የሲሌዢያ ቄስና ንብ አርቢ ድንጉላ ንብ አባት የለውም የሚል ሐሳብ አሳተመ። በዘመኑ ብዙዎች ተቃወሙት፤ እውነቱ ግን ከእሱ ጋር ነበር። የዳበረ እንቁላል ሴት ይሆናል፣ ያልዳበረው ወንድ። ወንዱ የእናቱን ክሮሞሶም ብቻ ነጠላውን ይይዛል። አባት የለውም፣ የእናት አባት ግን አለው፤ ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ። የዘረመል ተመራማሪ ደግሞ ወንድ ንብ ሲያገኝ ደስ ይለዋል፣ ጽሑፉ ነጠላ ስለሆነ ሳይደናገር ይነበባልና።

ታዲያ ጾታውን የሚወስነው መዳበሩ ራሱ ነው ወይ? አይደለም። በብዙ የንብ ዝርያዎች የሚወስነው አንድ የዘረመል ቦታ ነው፤ በማር ንብ ላይ በጀርመን የማርቲን ባይ ቡድን በ2003 ለይቶ አሳውቆታል። በዚያ ቦታ ሁለት የተለያዩ ቅጂዎች ያገኘ እንቁላል ሴት ይሆናል። አንድ ብቻ ያለው ወንድ ይሆናል። ችግሩ ሁለት ያለው፣ ነገር ግን ሁለቱ አንድ ዓይነት የሆኑበት እንቁላል ነው። ሴት መሆን ሲገባው ወንድ ይሆናል። ይህ ወንድ አብዛኛውን ጊዜ መካን ነው፤ ቢወልድም ልጆቹ መካን ይሆናሉ።

የማር ንብ ለዚህ መላ አላት። ሠራተኞቹ እንዲህ ያለውን እጭ ገና በሕፃንነቱ ለይተው ይበሉታል። ጭካኔ ይመስላል፣ ስንቅ ግን ያተርፋል። ብቸኛዋ ንብ ይህ መላ የላትም። እንቁላሏን በብናኙ ላይ ጥላ ክፍሉን ዘግታ ሄዳለች። ቀኑን ሙሉ የሰበሰበችውን ስንቅ መካን ወንድ ልጅ በልቶት ያድጋል። ሴት ልጅ ቀረች፣ ስንቁም ባከነ፤ በሚቀጥለው ዓመት ያ ወንድ ከአንዲት ሴት ጋር ቢገናኝ ደግሞ የእሷም ዘር በዚያው ይቀራል።

ይህ ምን ያህል ጊዜ ይደርሳል? ስሌቱ ቀላል ነው። በአካባቢው ካሉት ንቦች መካከል የዚያ ቦታ ቅጂ 50 ዓይነት ቢሆንና እኩል ቢበዙ፣ ከዳበሩት እንቁላሎች ከ50 አንዱ መካን ወንድ ይሆናል፤ 2 በመቶ ማለት ነው፣ ይቻላል። ቅጂዎቹ 5 ብቻ ቢሆኑ ከአምስቱ አንዱ፣ 20 በመቶው ይሆናል። በሌላ እንስሳ የዘረመል መሳሳት የሚያመጣው ድካም ቀስ ብሎ በትውልድ መካከል ይታያል፤ እዚህ ግን በዚያው ዓመት ሴቶቹ ይጎድላሉ። ሴት ሲጎድል ቁጥር ይቀንሳል፣ ቁጥር ሲቀንስ ተጨማሪ ቅጂ ይጠፋል፣ ቅጂ ሲጠፋ መካን ወንድ ይበዛል። አምሮ ዛይድና ሎረንስ ፓከር በ2005 ይህን አዙሪት በኮምፒውተር አስልተው፣ እንዲህ ባሉ ንቦች ላይ የሚያስከትለው የመጥፋት አደጋ በሌሎች አስጊ ደረጃ ላይ ባሉ እንስሳት የዝምድና ማዳቀል ከሚያመጣው በአሥር እጥፍ የሚበልጥ ሆኖ አግኝተውታል።

እንግዲህ በዚህ ስሌት የዱባ ንብ ገና ድሮ መጥፋት ነበረባት፤ በየደረጃው በእፍኝ እየተዘገነች የመጣች ናት። አልጠፋችም። ሌላም ምስክር አለ። ላሲዮግሎሰም ሊዩኮዞኒየም የምትባል አንዲት ትንሽ የአውሮፓ ንብ ወደ ሰሜን አሜሪካ ተሻግራለች። ዛይድና ባልደረቦቻቸው በ2007 እንዳሳዩት ያ ሁሉ ሕዝብ ከወንድ ጋር ከተገናኘች ከአንዲት ሴት የወጣ ይመስላል፤ ከዳበሩ እንቁላሎች ከወጡት 30 በመቶ የሚሆኑት መካን ወንዶች ናቸው። እንደዚያም ሆና ተስፋፍታለች። ስሌቱ ስህተት ነበር ማለት አይደለም። የዘረመል መሳሳት ብቻውን አይገድልም፤ የሚገድለው መሳሳትና ማነስ አንድ ላይ ሲመጡ ነው። ከጠባቡ በር ወጥቶ ሰፊ ማሳ፣ ብዙ አበባ ያገኘ ሕዝብ ፈጥኖ ከበዛ ያመልጣል። የዱባ ንብን ያዳናት ሰው ዱባ መዝራቱን አለማቋረጡ ነው።

ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ምን እንደሚሆን ያሳዩት ባምብል ቢ የሚባሉት ጸጉራም ትልልቅ ንቦች ናቸው። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ የሉም፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ግን ቲማቲምን፣ ብሉቤሪን፣ ለከብት መኖ የሚዘራውን ቀይ ክሎቨር የሚያዳብሩ እነሱ ናቸው። የሚኖሩት በትንንሽ ማኅበር ነው፤ አንዲት ንግሥት፣ ጥቂት መቶ ሠራተኞች። አባታቸው ነጠላ ክሮሞሶም ስላለው ለሴት ልጆቹ ሁሉ የሚያወርሰው አንድ ዓይነት ነው፤ ስለዚህ የአንድ ማኅበር እህትማማቾች ከዘረመላቸው ሦስት አራተኛውን ይጋራሉ። ይህ ዝምድና በምርመራ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። አንድ ማሳ ላይ መቶ ንብ ብታዩ መቶዎቹ ከሃምሳ ጎጆ የመጡ ይሁኑ ከሦስት፣ ዓይናችሁ አይነግራችሁም። የሚወልዱት ግን ንግሥቶቹ ናቸው፤ ለነገው ዘር የሚቆጠረው ጎጆው ነው። በእንግሊዝ ሮታምስቴድ የምርምር ጣቢያ እርሻ ላይ በዚህ መንገድ ተመርምሮ በ2005 የታተመው ጥናት ጎጆዎቹን ከመቁጠር አልፎ ንቦቹ ከቤታቸው የሚርቁትን ርቀት ጭምር ገምቷል፤ እንደ ዝርያቸው ከ450 ሜትር አካባቢ እስከ 760 ሜትር ገደማ። ለገበሬ የሚጠቅም ቁጥር ነው። ማሳው ከዚያ በላይ ሰፍቶ በዙሪያው ጎጆ የሚሠራበት ዳርቻ ከሌለ መሐሉ ንብ አያይም።

በአሜሪካ ሲድኒ ካሜሮንና ባልደረቦቻቸው በ2011 ባሳተሙት ሰፊ ጥናት አራት የባምብል ቢ ዝርያዎች ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸሩ ድርሻቸው እስከ 96 በመቶ መቀነሱን፣ የሚኖሩበትም አገር መጥበቡን አስመዘገቡ። እየመነመኑ ያሉት ዝርያዎች የዘረመል ልዩነታቸው ካልቀነሱት ያነሰ ሆኖ፣ ኖዜማ ቦምቢ በሚባለው ጥገኛ ተሕዋስም ይበልጥ ተጠቅተው ተገኙ። የትኛው የትኛውን እንዳመጣ በአንድ ጥናት አይፈረድም፣ ሁለቱ ግን ተያይዘው ይሄዳሉ።

ከእንግሊዝ አንድ ታሪክ ልጨምር። የኒውዚላንድ ሰፋሪዎች ቀይ ክሎቨር ዘርተው መኖው ቢያምርላቸውም ዘር አልሰጥ አላቸው፤ ምላሱ ረጅም የሆነ ንብ አልነበረምና። በ1885 ከእንግሊዝ በመርከብ የባምብል ቢ ንግሥቶች አስመጡ፣ ክሎቨሩም ዘር ያዘ። ከተሻገሩት አንዷ ቦምበስ ሰብተራኒየስ ናት። መቶ ዓመት ሲያልፍ ይህችው ንብ በትውልድ አገሯ ጠፋች፤ እንግሊዝ ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው በ1988 ደንጀነስ በሚባል የኬንት ጠረፍ ነው። ሰዎች ከኒውዚላንድ እንመልሳት አሉ። መልካም ሐሳብ ይመስላል፤ ልጅ ወደ እናት አገሩ ሲመለስ ማን ይጠላል? ዘረመሉ ሲነበብ ግን የኒውዚላንዶቹ ሁሉ ከሁለት ንግሥት ብቻ የወጡ እስኪመስሉ ድረስ ሳስተው ተገኙ። በ2012 ደንጀነስ ላይ የተለቀቁት በመጨረሻ ከስዊድን የመጡ ንግሥቶች ሆኑ። ስሜት አንዱን መረጠ፣ ዘረመል ሌላውን። እኔ ውሳኔው ትክክል ነበር እላለሁ።

ወደ ዱባው ሥር ልመለስ፤ ያዙልኝ ብዬ ነበር። ጎጆዋ ማሳው ውስጥ ነውና በማሳው የሚደረገው ሁሉ ይደርስባታል። በ2005 የታተመ የቨርጂኒያና የአካባቢው ጥናት መሬቱ በማይታረስባቸው የዱባ እርሻዎች ላይ የንቧ ብዛት ከሚታረሱት ሦስት እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ጥልቅ እርሻ የሚቀጥለውን ዓመት ልጆች ከነክፍላቸው ይገለብጣል። በካናዳ ኦንታሪዮ ሱዛን ዊሊስ ቻንና ናይጄል ሬይን በ2021 ያወጡት ደግሞ የባሰ ነው። ዱባ ሲተከል አፈሩ ላይ የተደረገ ኢሚዳክሎፕሪድ የሚባል ፀረ ተባይ የንቧን ጎጆ በ85 በመቶ፣ የልጆቿን ቁጥር በ89 በመቶ ቀንሶታል። ይህ በአንድ ወቅት የሚመጣ ቅነሳ ነው። ቀድሞውኑ በጠባብ በር ያለፈ የምሥራቅ አሜሪካ ሕዝብ ላይ ሲደገም ቅድም የተናገርኩት አዙሪት በሩ ተከፈተ ማለት ነው።

እኛ ዘንድስ? ዱባ ከአሜሪካ መጥቶልናል፣ ንቧ አልመጣችም፤ የእኛን ዱባ የሚያዳብሩት የማር ንብና የአገሩ የዱር ንቦች ናቸው። በማር ንባችን ላይ እንኳ ሊቃውንቱ ተከራክረዋል። በ2004 አምሳሉ በዛብህና ባልደረቦቻቸው የንቦችን አካል ለክተው በኢትዮጵያ አምስት ንዑስ ዝርያዎች አሉ አሉ። በ2011 ማሪና ማይክስነርና ባልደረቦቻቸው እነሱም አካል ለክተው፣ የለም፣ የኢትዮጵያ ንብ ራሷን የቻለች አንዲት ናት ብለው ሲሜንሲስ አሏት። ልኬቱ ያው የክንፍና የእግር ልኬት ነው፤ ፍርዱ ግን ተለያየ። እንዲህ ያለውን ክርክር የሚዳኘው ዘረመል ነው።

ከሁሉ በላይ የማስብላት ግን ጣዝማ ናት። መሬት ውስጥ ትኖራለች፣ አትናደፍም፣ ማሯ ለመድኃኒት ስለሚፈለግ ከተራ ማር እጅግ ይወደዳል። ማሩን ለማግኘት ጎጆዋ ይቆፈራል፤ ብዙ ጊዜም ማኅበሩ አብሮ ያልቃል። መንደፊያ የሌላቸው ንቦች ጠባይ ነገሩን ያከብደዋል። እንቁላል የምትጥለው ንግሥት ሆዷ ከብዶ መብረር አትችልም፣ ስለዚህ ጎጆው ሲፈርስ እንደ ማር ንብ ተነስታ አትሰደድም። አዲስ ጎጆ ሲመሠረትም ስንቁና ሰሙ ከእናት ጎጆ እየተመላለሰ ስለሚወሰድ ሩቅ አይሄዱም። የማይሰደድና ሩቅ የማይወልድ ሕዝብ ጫካው ሲቆራረጥ በየቁራጩ ብቻውን ይቀራል። ስለ ቅጂዎች ማነስ ያወራሁት ሁሉ የሚሠራው በእንዲህ ያለው ላይ ነው። ስለዚህ ጣዝማ የሚቆፍር ሰው በአንድ አካባቢ ያገኘውን ጎጆ ሁሉ በአንድ ዓመት ባይጨርስ እመክራለሁ።

ለግብርና ኮሌጆች፣ ለወረዳ ባለሙያዎችና ለባዮሎጂ መምህራን ደግሞ ልመና አለኝ። ዛሬ የያዛችኋት ንብ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚመጣ ተመራማሪ የንቦቹ ዘረመል ምን ያህል እንደሳሳ የሚለካባት መነሻ ናት። በመርፌ ተወግታ በሳጥን ውስጥ ከመድረቋ በተጨማሪ ከየቦታው ጥቂት ንቦች በ95 በመቶ አልኮል ውስጥ ይቀመጡ። ፎርማሊን አትጠቀሙ፣ ዲ.ኤን.ኤውን ያበላሸዋል። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከፍታውንና የነበረችበትን አበባ በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ ከንቧ ጋር ጠርሙሱ ውስጥ ክተቱ። የምትጽፉት በእርሳስ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል።